ቁስቋም፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብርና ግንብ

ጎንደርን ለማየት የሚሄድ ሰው ሁሉ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቈረቈሩትን ከተማና የነገሥታቱን ግንቦች አይቶ ይመለሳል። ነገር ግን ከግቢው ወጥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ በእግሩ ቢሄድ፥ በተራራው ወገብ ላይ በዛፍ የተከበበ ደብርና በአጠገቡም ጣራው የወደቀ ግንብ ያገኛል። ይህ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ዛሬ ከተማው እየሰፋ ቢደርስበትም፥ በተሠራበት ዘመን ከከተማው ተለይቶ ለብቻው የቆመ ስፍራ ነበረ። ታሪኩም የእናትና የልጆች ታሪክ ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ላይ ቢነገር የሚገባ ነው።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ሲሆኑ የዐፄ በካፋ ባለቤት ነበሩ። ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበረ፥ እቴጌይቱ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋራ መንግሥቱን ያዙ። በ1725 ዓ.ም. ዐመፀኞች ሌላ ንጉሥ አንግሠው ግቢውን ቢከቡ፥ እናትና ልጅ በግንቡ ውስጥ ሆነው ረዳት እስኪደርስላቸው ድረስ ተከላከሉ። አገሩ ጸጥ ካለ በኋላ እቴጌይቱ በዚህ ተራራ ላይ ቤተ ክርስቲያንና ለራሳቸው መኖሪያ የሚሆን ግንብ አሠሩ።

ቁስቋም ማለት እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ ከሄሮድስ ሸሽታ የተቀመጠችበት የግብፅ አገር ስፍራ ነው። ከሕፃን ልጃቸው ጋራ በጠላት ተከበው የነበሩ እናት ይህን ስም ለደብራቸው መምረጣቸው፥ ለሚያስተውል ሰው ብዙ ነገር ይናገራል።

ግንብ ግን ብቻውን አገር አያቀናም። ስለዚህ እቴጌይቱ ለደብሩ ብዙ ጉልት ሰጡ። ባላገሩ ርስቱን እንደ ያዘ ግብሩን ለባለ ጉልቱ ያገባ ነበር፤ ካህኑና ደብተራውም በተመደበለት መሬት እየኖረ በቅዳሴውና በማኅሌቱ ያገለግል ነበር። እንዲህ ያለው ስጦታ በወንጌሉ ብራና ላይ የምስክሮች ስም እየተጠራ ይጻፍ ነበር፤ የሚያፈርሰውም እንዲረገም ውግዘት ይታከልበት ነበር። ብዕር ይዘን የምንኖር ሰዎች ይህን ስናይ፥ የቀደሙት አባቶች ለጽሕፈት የሰጡት ክብር ያስደንቀናል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ኀዘንን አልከለከለም። ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. በጕልማስነታቸው ዐረፉ። የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ ከነገሡ በኋላ የእቴጌይቱ የቋራ ዘመዶችና የንጉሡ የእናታቸው ወገኖች ተጣሉ፤ ስለዚህ ጠብ ከትግሬ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑልም በ1761 ዓ.ም. ንጉሡን አስገደሉ።

በሚከተለው ዓመት የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ጎንደር በደረሰ ጊዜ በቁስቋም ቤት ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ብሩስ ራሱ እንደ ጻፈው፥ በሩንና መስኮቱን ሁሉ አስከፍቶ፥ ክፍሉን በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ አሳጥቦ፥ በዕጣንና በከርቤ አሳጥኖ ሕመምተኞቹን ያስታምም ጀመር። ከታመሙትም መካከል የእቴጌይቱ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጆች ነበሩበት፤ ወይዘሮ አስቴር ደግሞ የራስ ሚካኤል ባለቤት ነበሩ። እንግዲህ አያቲቱ በአንድ ወገን የልጅ ልጃቸውን እያለቀሱ፥ በሌላ ወገን በገዳዩ ቤት ለሚያድጉት የልጅ ልጆቻቸው ይጨነቁ ነበር። ይህን ያህል መከራ አይተው በ1765 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዚያ ወዲህ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች መጥተው ቁስቋምን አጠፉት። ቤተ ክርስቲያኑ ኋላ እንደ ገና ተሠራ፤ ግንቡ ግን ፍርስራሽ እንደ ሆነ ቀረ። ሆኖም በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች እስከ ዛሬ በግድግዳው ላይ ይታያሉ። የእቴጌይቱ፥ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም ነው የሚባለውም መስታወት ባለው ሣጥን ተቀምጦ ለጎብኚ ይታያል፤ በሕይወት ሳሉ የለያያቸውን ሞት አንድ ሣጥን ሰብስቧቸዋል። ስፍራው ከጎንደር ግንቦች ጋራ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል።

የደብሩ መሬት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ዐዋጅ ቀረ። ኅዳር 6 ቀን ግን በዓሉ ይከበራል። እቴጌይቱ ለራሳቸው ያሠሩት ቤት ፈረሰ፤ ለሌላው የሰጡት ደብር ግን በካህናቱና በሕዝቡ እጅ ቆመ። ጎንደር የሚሄድ አባት ወይም እናት ልጆቹን ይዞ እስከዚህ ተራራ ቢወጣ፥ የነገሥታት ቤትም እንደ ማንኛውም ቤት ኀዘን እንደሚገባው፥ ደግ ሥራ ግን ከኀዘኑ በኋላ እንደሚቀር በዐይናቸው ያሳያቸዋል።