የቱነይድባ ጭቃ

ግንቦት 2014 ዓ.ም

ከሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ እስከዚህ የስደተኞች መጠለያ 136 ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ። ለወገቤ ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር። ግራና ቀኙ የማሽላና የሰሊጥ ማሳ ነው፤ ገና አልተዘራበትም። ዋልካው በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ይኸው መሬት ዝናብ ሲነካው ጫማ እየነጠቀ ያስቀራል። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ነፋስና ዝናብ የስደተኞቹን ድንኳኖች ገነጣጥለዋል።

መጠለያው ሰው መቀበል የጀመረው በ2013 ዓ.ም ታኅሣሥ መጨረሻ ነው፤ ከትግራዩ ጦርነት ሸሽተው በሐምዳይትና በመንደር 8 ጊዜያዊ መጠለያዎች የሰነበቱት ወደዚህ ሲዛወሩ። ሌላው መጠለያ ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜም ኢትዮጵያውያንን አስጠግቶ ነበር።

የመጣሁት የልጆች ሥዕል ለማየት ነው። አፌን የፈታሁት ደግሞ በአማርኛ ነው፤ እዚህ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆቹ የሚማሩበት ዳስ ደጃፍ ላይ «ጤና ይስጥልኝ» ስል እናቶቹ አጸፋውን መለሱ፤ የያዙትን ወሬ ግን አቋረጡት። ቆሜ ቀረሁ። አንዲት አሮጊት ቆየት ብለው «ግባ፣ ወደይ» (ልጄ) ባይሉኝ የምመለስ ይመስለኛል።

መምህሩ ሑመራ ሳሉ ሒሳብ ነበር የሚያስተምሩት። «ሥዕል እንኳ አልችልም፤ ግን ማስመሪያም ኮምፓስም ስለሌለ ጂኦሜትሪውን የማሳያቸው በሥዕል ነው» አሉኝ። በእርዳታ የመጣላቸው ከለር የሰም ነበር። ካርቶኑ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቆየ፤ የገዳሪፍ ሙቀት በዚህ ወር ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሲከፈት ቀለሙ ሁሉ ተደባልቆ አንድ ቡናማ ጥፍጥፍ ሆኖ ተገኘ። «ሰሙ ቀለጠ፤ ወርቁን እኛው እንፈልጋለን» ብለው ሳቁ። ልጆቹ ጥፍጥፉን ሰባብረው ተከፋፈሉት። የዚያ ሰሞን ሥዕል ሁሉ ቡናማ ነው፦ ቡናማ ሰው፣ ቡናማ ዛፍ፣ ቡናማ ወንዝ።

ወንዙ ተከዜ መሆኑን ሳልጠይቅ ገባኝ። ችግሬም ከዚያ ጀመረ። አንድ ወረቀት ላይ ትልቅ ሣጥን የመሰለ ነገር አየሁ፤ ከፊቱ ቀጥ ያለ ቱቦ ወጥቶለታል። ለሣዩ ልጅ ጎንበስ ብዬ፣ ድምፄን አለስልሼ፣ «ታንኩን የት አየኸው?» አልኩት።

ልጁ እንደ ጅል አየኝ። «ትራክተር ነው እኮ! ታንክ እንዲህ ያለ ጎማ አለው እንዴ?» አለኝ፤ በጠራ አማርኛ። ቱቦ ያልኩት የጭስ ማውጫው ነበር። አባቱ የሰሊጥ እርሻ ላይ ይነዱት የነበረው ነው።

እንዲህ ያለውን ዓይን ያመጣሁት ከማውቀው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዌጂንግ ፒስ የተባለ ድርጅት ቻድ ከተጠለሉ የዳርፉር ልጆች 500 ያህል ሥዕሎች ሰብስቦ ሄግ ላለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት አቅርቧል። ልጆቹ ያዩትን ነበር የሣሉት፤ መቅረቡም ተገቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እንደኔ ያለው እንግዳ ልጅ በሣለው ሁሉ ላይ እንደ ዐቃቤ ሕግ ማፍጠጥ ይቀናዋል። የናዚዎቹ ቴሬዚን ጌቶ ውስጥ ልጆችን ሥዕል ያስተማረችው ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ የያዘችው ሌላ መንገድ ነው። መስመርን፣ ቀለምን፣ አበባን አስተማረቻቸው፤ ሥራቸው ላይም ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 አውሽዊትዝ ተወስዳ ተገደለች። 4,500 ያህል ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ተደብቀው ተረፉ፤ ከሣዮቹ ልጆች የሚበዙት አልተረፉም።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ አለቀ። ማንም ግን አላዘነም፤ ሁሉም ወደ ቦኖው ሮጡ። ከቧንቧው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ዋልካውን አርሶ እንደ ሊጥ አድርጎታል። ድንኳን የሚያሰምጠው ጭቃ ለእጅ እንዲህ የሚታዘዝ አይመስልም ነበር። ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አመድና ፋንድያ ያስገቡበታል። ይህን ያስተማራቸው የለም፤ እናቶቻቸው ምድጃ ሲሠሩ አይተው ነው።

ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አንዲት ልጅ ላም ሠራች። አጠገቧ ያለው ልጅ «ቀንዷ አነሰ» ብሎ ረጅም ቀንድ ጠቅልሎ ለጠፈላት። ጠብ ተነሣ። እሱ የሚያውቀው የራያን ከብት ነው፤ የእሷ በጋይት ናት፣ የሑመራዋ፣ ቀንዷ አጭር ጡቷ ትልቅ። መምህሩን ጠሩ። መምህሩ ደግሞ የሒሳብ ሰው ናቸውና የቀንዱን ርዝመት ከጭንቅላቱ ጋር ለኩ። ልጅቷ ግን ልኬቱ እስኪያልቅ አልጠበቀችም፤ ቀንዱን ቆርጣ ጡቱ ላይ ጨመረችው።

ለልጆቹ ደኅንነት ሲባል ሥራቸው ላይ ስም እንዳይጻፍ ተነግሯቸዋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ እኔም እዚህ የልጅቷን ስም አልጽፍም። እሷ ግን ላሟን ገልብጣ፣ ሆዷ ላይ በሚስማር በትልልቅ ፊደል ጻፈችው። ላነሣት እጄን ስዘረጋ «አልደረቀችም!» ብላ ተቆጣችኝ።