ባለቤቴ አይሰማኝም ነበር

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጆሮ ማዳመጫ ነው። "የመጋቢ ሚስት ደግሞ ከሄድፎን ጋር ምን አገናኛት?" የምትሉኝ አትጠፉም። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን አንዲት ትንሽ ማጫወቻና አንድ ማዳመጫ በእኔና በባለቤቴ መካከል ገብተው ብዙ ወራት አስለቅሰውኛል። ምናልባት በእናንተም ቤት ተመሳሳይ ነገር ካለ ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

ባለቤቴ የመዝሙር ሰው ነው። መጋቢ ከመሆኑ በፊት በኳየር ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር፤ የተዋወቅነውም እዚያው ነው። ከዚያም በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ እሑድ እሑድ የሚቆመው ከመድረኩ ስፒከር አጠገብ ነው። (በየጉባኤያችን ድምፅ እንዴት እንደሚለቀቅ ታውቁታላችሁ፤ መስኮቱ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል።) የድሮ ካሴቶቻችንን የበኩር ልጃችን ወደ ኤምፒ3 ገልብጦ ማጫወቻው ላይ ጫነለት። አሜሪካ የምትኖረው ታናሽ እህቱ ደግሞ ለእረፍት ስትመጣ ጆሮን እንዳለ የሚሸፍን ትልቅ ማዳመጫ ይዛለት መጣች፤ ባለሙያዎች ስቱዲዮ ውስጥ የሚያደርጉትን ዓይነት።

ደስታው ግን አንድ ምሽት አልዘለቀም። "ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ ነው የሚመጣው" አለ። ማጫወቻውን እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ አሁንም አነሰው። አንድ ወዳጁ ተንቀሳቃሽ ማጉያ፣ ማለትም በኪስ የሚያዝ ትንሽ አምፕሊፋየር ካልተገዛለት እንደማይሆን ነገረው። ዋጋውን ስሰማ ክው አልኩ፤ ከወር አስቤዛችን ይበልጣል!

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ሳናግረው አይመልስልኝም ነበር። "እራት ቀርቧል" ብዬ ከወጥ ቤት ሦስት ጊዜ እጣራለሁ፤ ዝም። መጀመሪያ ማዳመጫውን ወቀስኩ። ቆይቼ ሳስተውል ግን ማዳመጫውን አውልቆም ያው ነው። ሽማግሌዎች ቤታችን ሲመጡ የሚነጋገሩትን ሁሉ ይሰማል፤ እኔ ስናገር ግን "ኧ?" ይላል፣ ወይም ያልጠየቅሁትን ይመልስልኛል። ለሁሉ ጆሮ አለው፤ ለእኔ ብቻ የለውም ብዬ በልቤ ቋጠርኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለመጋባት የተዘጋጁ ወጣቶችን አብረን እናስተምራለን። ስለ መደማመጥ የሚያስተምረው እርሱ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ወለሉን አይ ነበር።

አንድ ቀን ማጫወቻውንና ማዳመጫውን ይዤ ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ። ባለ ሱቁ ልጅ እግር ነው፤ ግን ትዕግሥቱ! "ማዘር፣ ይኸ 250 ኦም ነው" አለኝ። ኦም ምን እንደሆነ ስጠይቀው በሮቶ አስረዳኝ። ማጫወቻው ትንሽ ባትሪ ስላለው መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሮቶ ነው፤ ግፊቱ አነስተኛ ነው። ባለ 250 ኦም ማዳመጫ ደግሞ ፎቅ ላይ እንዳለ ቀጭን ቧንቧ ነው፤ ውኃው እንዲደርስለት ፓምፕ ይፈልጋል። ያ ፓምፕ ነው ማጉያው። ባለ 16 ወይም ባለ 32 ኦም የሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማጉያ በሚገባ ይሠራል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ያንኑ ሞዴል በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ስለሚሠሩ፣ ለባለ ማጫወቻ የሚሆነው ትንሹ ቁጥር ነው። እንግዲህ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ይህችን ቁጥር ፈልጉ።

ከዚያ ልጁ ራሱ ጆሮው ላይ አድርጎ ሞከረው። ፊቱ ተለወጠ። "ይኸ እኮ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ነው ያለው። ዝቅ ቢልም ለእኔ ይበቃኛል" አለ። ትንሽ አሰብ አደረገና፣ "ማዘር፣ ማጉያውን ልሸጥልዎት እችላለሁ። ግን በቅድሚያ ጆሯቸውን ቢታዩስ?" አለኝ። ሊሸጥ ተቀምጦ ገዢ የመለሰ ነጋዴ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ጌታ ይባርከው።

ባለቤቴን ወደ ጆሮ ሐኪም ለመውሰድ አንድ ወር ፈጀብኝ። ሐኪሙ የምርመራውን ወረቀት ዘርግቶ አሳየን። መስመሩ በወፍራም ድምፆች በኩል ደህና ነው፤ ወደ ቀጫጭኖቹ፣ 4000 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ወደ ታች ይወርዳል። ለብዙ ዓመት በከፍተኛ ድምፅ የተጎዳ ጆሮ እንዲህ ነው አለን። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ረቂቅ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ዳግም አይበቅሉም። እንደ "ሰ"፣ "ሸ" እና "ፈ" ያሉ ድምፆች የሚያርፉት በዚሁ ቀጭን በኩል ነው። ስለዚህም የወንዶች ወፍራም ድምፅ እየተሰማው የሴትና የሕፃናት ንግግር ይደበዝዝበታል።

እህቶቼ፣ ይህን ስሰማ የተሰማኝን ልገልጽላችሁ አልችልም። ሽማግሌዎቹ የሚሰሙት፣ እኔ የማልሰማው፣ ንቆኝ አልነበረም! ከሐኪሙ ፊት ፈልጌ ያላገኘሁትን መሐረብ እርሱ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

ስለ ማጉያው ስንጠይቅ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ማጉያ ሁሉንም ድምፅ እኩል ያሳድጋል፤ የጠፋውን ለይቶ አይመልስም፤ የተረፈውን ግን ሊጎዳ ይችላል። የጠፋውን ክፍል ለይቶ የሚያሳድገው የመስማት መርጃ መሣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ብቻ እንዲደመጥ ይመክራል፤ 90 ዴሲቤል ከሆነ ደግሞ 4 ሰዓት ብቻ። 10 ዴሲቤል ስትጨምሩ ጊዜው ከአሥር አንድ ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ ማጉያውን ተውነው። ትልቁን ማዳመጫ የኳየሩን ቅጂ ለሚያቀናብረው ልጃችን ሰጠነው፤ እርሱ የሚያስፈልገው መሣሪያ አለው። ለባለቤቴ ጀርባው ክፍት የሆነ ማዳመጫ መረጥኩ። ዝግ የሆነው በታክሲ ለሚሄድ ሰው ይሻላል፤ የውጪውን ጫጫታ ስለሚከለክል ድምፅ መጨመር አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ግን ክፍቱ የሰው ድምፅ ያስገባል። እህቱ የላከችልን ኮስ ፖርታ ፕሮ የሚባለውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ፣ ቀላል፣ ባለ 60 ኦም፣ ያለ ማጉያ የሚሠራ። መልኩ እንደ አሮጌ ነው፤ ልጆቹ ይሥቁበታል።

አንድ ሳይሆን ሁለት ነው ያስላክሁት፤ መሰኪያውን ለሁለት ከሚከፍል ገመድ ጋር። ይህን ሐሳብ ያገኘሁት ከአንድ ታሪክ ነው። የሶኒ መሥራች አኪዮ ሞሪታ የመጀመሪያውን ዎክማን ቤቱ ወስዶ ሲሞክር ሚስቱ የተገለለች ያህል ተሰምቷት ቅር እንዳላት በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የወጣው ዎክማን ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳዎች ነበሩት፤ ሲጫኗት ሙዚቃውን ዝቅ አድርጋ ሁለቱ እንዲነጋገሩ የምታደርግ ብርቱካንማ ቁልፍም ነበረችው። ኋላ በወጡት ሞዴሎች ይህ ቀረ። ምነው ባልቀረ!

የመስማት መርጃውን ነገር ባለቤቴ እሺ አላለም ነበር። "ምእመናኑ ምን ይላሉ?" ይላል፤ መነጽር አድርጎ እየሰበከ! እኔም አልጨቀጨቅሁትም። ፊት ለፊቱ ሆኜ፣ ቀስ ብዬ መናገር ለመድኩ።

ባለፈው ወር አንድ ምሽት ሁለታችን ያንን ገመድ ተካፍለን የድሮውን የኳየር ካሴት ስናዳምጥ ቆም አደረገውና፣ "እዚህ ጋ ሶፕራኖዎቹ ምንድን ነው የሚሉት? ቃሉ አይለይልኝም" አለኝ። በዚያ ካሴት ላይ ከሶፕራኖዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። ማዳመጫውን አወለቅሁና ስንኙን ፊት ለፊቱ ሆኜ በቃሌ ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለ።

"ለማክሰኞ ቀጠሮ ያዢልኝ" አለኝ።