አንጎል፣ የሚጥል በሽታና የልጃችን ጾም

«የሚጥል በሽታ» የሚለው ስያሜ የሚነግረን ዓይን ያየውን ብቻ ነው። ሰው ይወድቃል፣ ይንፈራገጣል፣ አረፋ ይደፍቃል። ከመውደቁ በፊት በራስ ቅሉ ውስጥ ምን እንደተከናወነ ግን ስሙ አይናገርም፤ ያልተነገረውንም ሁሉም እንዳሻው ይሞላዋል። የ17 ዓመቷ ልጃችን ይህ በሽታ አለባት። እዚህ ለቡ፣ ታክሲዎቹ «ሙዚቃ ቤት» እያሉ ከሚጠሩት ፌርማታ (ስሙን ያወጣነው እኛ አይደለንም) ብዙም ሳንርቅ በምንኖርበት ሰፈር፣ ከጎረቤትም ከዘመድም «ልጅቷን የሚጥላት ምንድን ነው?» እየተባልን ስንጠየቅ ኖረናል። ለዚህ መልስ ለመስጠት ስለ አንጎል መማር ግድ ሆነብን። የተማርነውን እዚህ የምንጽፈው እንደኛው ዝም ብለው የሚኖሩ ቤተሰቦች ብዙ መሆናቸውን ስለምናውቅ ነው።

የጎልማሳ ሰው አንጎል 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሰውነት ክብደት 2 ከመቶ ያህል ቢሆን ነው፤ ሰውነት ከሚያቃጥለው ኃይል ግን 20 ከመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። በውስጡ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ሴል ሶዲየምን ወደ ውጭ እየገፋ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ እየሳበ ይኖራል። በዚህም የተነሳ በሴሉ ውስጥና ውጭ መካከል ትንሽ የኤሌክትሪክ ልዩነት ይፈጠራል፤ መጠኑ 70 ሚሊቮልት ያህል ሲሆን ይህም አንድ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ከሚሰጠው ሃያ እጅ ያህል ያነሰ ነው። ሴሉ መልእክት ሲኖረው በሮቹን ይከፍታል፣ ሶዲየሙ ይገባል፣ ልዩነቱም ለሺኛ ሰከንድ ያህል ይገለበጣል። ይህ ግልበጣ በነርቩ ክር ላይ እየተቀባበለ ይሮጣል። ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ ካለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነስቶ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ወደ ጅቡቲ መንገደኛ የሚያመላልሰው ባቡር የሚሄደው በ25,000 ቮልት ነው። ፈጣን የሚባሉት ነርቮቻችን በዚያች ኢምንት ኤሌክትሪክ መልእክታቸውን በሰከንድ 100 ሜትር ያደርሳሉ። ይህም በሰዓት ሲሰላ 360 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባቡሩ አይደርስበትም። ሱብሐነላህ!

መልእክቱ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው የሚሻገረው ግን በኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም። በሁለቱ መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት ስላለ፣ የመጀመሪያው ሴል ኬሚካል ይረጫል፣ ሁለተኛው ይቀበላል። ከኬሚካሎቹ አንዳንዱ «ተናገር» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ዝም በል» ይላል። እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ይህ ዝም አሰኚው ነው። ሰው ሁሉ አንጎል መሥራቱን እንጂ ራሱን መግታቱን አያስብም። መርካቶን አስቡት። በአንድ ጊዜ ሺህ ሰው ይናገራል፤ አንዱ ስለ ሻማ ጨርቅ፣ አንዱ ስለ በርበሬ ይከራከራል። ጫጫታ ቢመስልም ገበያው ይሄዳል። ያ ሁሉ ሰው በድንገት አንድ ቃል በአንድ ላይ፣ ደጋግሞ፣ ሳያቋርጥ ቢጮህ ግን መግዛትም መሸጥም ይቆማል። የሚጥል በሽታ ማለት ይህ ነው፤ ዝም አሰኚው ሲሸነፍ ብዙ ሴሎች በአንድ ምት አብረው ይተኩሳሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰው ራስ ቆዳ ላይ የአንጎልን ኤሌክትሪክ መዝግቦ ካሳየ በኋላ ይህን ምት በወረቀት ላይ ማየት ተችሏል። የልጃችንንም አይተነዋል። ለእኛ የጅራፍ መስመር ይመስል ነበር።

ተኩሱ የሚያደርሰው ነገር በተነሳበት ስፍራ ይወሰናል። እንቅስቃሴን በሚያዝዘው ክፍል ሲነሳ ከአካል ተቃራኒው ጎን ይንቀጠቀጣል፤ ምክንያቱም የአንጎል ቀኝ የሚያዘው የግራውን እጅ ነው። ልጃችን ከመውደቋ በፊት የሚቃጠል ላስቲክ ሽታ ይሸታት ነበር። በቤት ውስጥ ሌላ ማንም አይሸተውም። አክስቷ ይህን ስትሰማ «ይኸው! የጂን ሽታ ነው» አለች። ሐኪሟ ግን ሽታን የሚተረጉመው ክፍል በጆሮ አካባቢ በአንጎሉ ውስጠኛ ጎን እንደሚገኝ፣ ተኩሱም ከዚያ እንደሚጀምር አስረዱን።

ስለ ጂን እንነጋገር ከተባለ፣ እኛ በጂን መኖር የምናምን ሙስሊሞች ነን። ጥያቄው ጂን አለ ወይስ የለም አይደለም። ኢብኑል ቀይም «ዛዱል መዓድ» በተሰኘው ኪታባቸው ይህን መውደቅ ሁለት ዓይነት ብለው ከፍለውታል፤ አንዱ ከርኩሳን መናፍስት፣ ሌላው ሐኪሞች መንስኤውን የሚመረምሩት የአካል በሽታ ነው። ከርሳቸው በፊት የኖረው ኢብኑ ሲናም በሕክምና መጽሐፉ ከአንጎል በሽታዎች ጋር ነው ያስቀመጠው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ፣ ዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕ ከኢብኑ ዐባስ እንደሰሙት፣ አንዲት ጥቁር ሴት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) እንደምትወድቅና ሰውነቷ እንደሚገለጥ ነግራ ዱዓ ጠየቀች። ብትታገሥ ጀነት እንደሚኖራት፣ ከፈለገችም ለፈውሷ ዱዓ እንደሚያደርጉላት ገለጹላት። መታገሥን መረጠች፤ ሰውነቷ እንዳይገለጥ ግን ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች፣ እርሳቸውም አደረጉላት። ልጃችን ይህን ሐዲስ ስታነብ የያዛት ስለ ጀነቱ የሚናገረው ክፍል አልነበረም። «እሷም እንደኔ ያሳፍራት የነበረው መገለጡ ነው» አለችን። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ስትወጣ ከጉርዷ ሥር ረጅም ሱሪ እንድትለብስ ማስታወስ አላስፈለገንም።

ሩቅያ ዱዓ ነው፤ ከክኒን ጋር የሚጣላበት ምክንያት የለም። የሚያስፈራን «ሩቅያው እንዲሠራ ክኒኑን ተዉት» የሚል ሰው ነው። አንድ እንዲህ ያለ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ ነበር፤ በክብር ሸኘነው። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንዘፍዘፍ ሊመጣና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላልና።

በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናታቸው 316 ሰዎች ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይተዋል፤ ከሺህ 5.2 መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር በመንደራችን ላይ ብናስቀምጠው፣ ለጁሙዓ ሁለት ሺህ ሰው በሚሰበሰብበት መስጂድ ውስጥ አሥር ያህሉ የልጃችን ቢጤዎች ናቸው ማለት ነው። የት አሉ ታዲያ? በአገራችን ሰው ምድጃ ላይ ወድቆ እየተቃጠለ እንኳ አረፋው ይጋባል ተብሎ የሚያነሳው የሚያጣበት ጊዜ አለ። በሽታው አይጋባም።

ክብሪት ጭሮ ማሽተትም እንዲሁ ነው። መንዘፍዘፉ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ደቂቃ በራሱ ይቆማል፤ ክብሪቱ የሚደርሰውም ያኔ ስለሆነ ምስጋናውን ይወስዳል። የሚያስፈልገው አደጋ ያለውን ነገር ማራቅ፣ ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ወደ ጎን ማስተኛት፣ በአፏ ምንም አለማስገባት፣ ሰዓት ማየት ነው። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት።

አሁን የቀረን ረመዳን ነው። ያለፈውን ዓመት ሐኪሟ ስላልፈቀዱላት አልጾመችም፤ ቁርኣን ለሕመምተኛ ያገራውን እኛ ልናከብድ አልፈለግንም። ዘንድሮ ግን ከወደቀች 11 ወር ሞላት። የምትወስደው ፌኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ የኖረ፣ ያንኑ ዝም አሰኚ የሚያግዝ መድኃኒት ነው። ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ በቀን አንዴ፣ ማታ ይበቃታል፤ ስለዚህ ሐኪሟ በክኒኑ በኩል አልተቸገሩም። (ቫልፕሮዬት የሚባለውን ከመጀመሪያውም ያልጀመሩላት ወደፊት ብታገባና ብታረግዝ ፅንስ ስለሚጎዳ ነው፤ ሴት ልጅ ያላችሁ ጠይቁ።) ያስጨነቃቸው ረሃቡ ሳይሆን እንቅልፍ ነው። የተቆራረጠ እንቅልፍ ያንን ዝም አሰኚ ያደክመዋል። ስለዚህ እንድትጾም ፈቅደው፣ ተራዊሕን በቤት አሳጥራ እንድትሰግድ፣ በሦስት ሰዓት እንድትተኛ፣ ከሱሑርና ከሱብሕ በኋላም ተመልሳ እንድታሸልብ አዘዋል። ከወደቀች ያን ቀን ታፈጥራለች፣ ቀዷም ይኖርባታል። በዚህ ሁሉ ተስማምታለች። ያልተስማማችው ስለ መጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ነው። «ለይለተል ቀድርን ተኝቼ ላሳልፍ?» ትላለች። ሐኪሟ አንዲትም ሌሊት አልፈቀዱም፤ እርሷ አምስቱን ጎዶሎ ሌሊቶች ጠይቃ አሁን ወደ አንድ፣ ወደ 27ኛዋ ወርዳለች። እኛ ከሱሑር በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት ብቻ፣ ቀን በደንብ ተኝታ ከዋለች፣ ሐኪሟን ጠይቀን እንነግርሻለን ብለናታል። ቀጠሮው ለማክሰኞ ነው።