የስሙን ጥርስ አሳዪኝ

ባለፈው እንቁጣጣሽ ሐይቅ ከተማ፣ አጎቴ ቤት ነበርን። አቦሉ ተቀድቶ «ጀባ» ስንባባል የአጎቴ ልጅ ስልኩን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው። ስልኩ ላይ ለሽያጭ የቀረበ ባለ አምስት ፊደል የድረ ገጽ ስም ይታያል፤ ዶሜይን የምንለው። መጨረሻው ዶት ኮም፣ ዋጋው 1,500 ዶላር ነው። አንድ የዋጋ መገመቻ ገጽ ደግሞ «9,000 ዶላር ያወጣል» ብሎታል።

«እትዬ፣ ገዝቼ መልሼ ብሸጠውስ?» አለኝ።

አጎቴ ከብት አድልቦ የሚሸጥ ሰው ነው። የሁለት ሰንጋ ገንዘብ እጁ ላይ አለ፤ ልጄ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብሎ ሊሰጠው አስቧል። ወደ እኔ ዞረና «አንቺ ንግድ ተምረሻል፤ እንጀራሽም ገበያ ነው። እኔ በሬ ስገዛ አፉን ከፍቼ ጥርሱን አያለሁ። የዚህን ስም ጥርስ አሳዪኝ» አለኝ።

ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጧል። እኔ ይህን ገበያ ከየት እንደማውቀው ነግሬው አላውቅም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ወጣት ሊኖር ይችላልና ያን ቀን የተባባልነውን ላጫውታችሁ።

ነገሩ ጨርሶ ውሸት አይደለም። የዶት ኮም ስም ቀድሞ ያስመዘገበው ሰው፣ አሥር ዶላር ገደማ የሆነውን ዓመታዊ ክፍያ እስከከፈለ ድረስ ይዞት ይቆያል። ሌላ ሰው ከፈለገው ከእሱ መግዛት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 «ቮይስ ዶት ኮም» የተባለው ስም በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ልጁ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። «እሱም በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል ነው፤ የእኔም አምስት» አለኝ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወረቀት አውጥተን አሰላን። የእንግሊዝኛ ፊደላት 26 ናቸው። በሦስት ፊደል ሊሠሩ የሚችሉት ስሞች 17,576 ብቻ ናቸው፤ በዶት ኮም ሁሉም ከተያዙ ቆይተዋል። ለድርጅት ምኅጻረ ቃል ስለሚሆኑ ትርጉም ባይኖራቸውም ይፈለጋሉ። በአራት ፊደል 456,976 ይሆናሉ። በአምስት ፊደል ግን ከ11.8 ሚሊዮን ይበልጣሉ። አምስት ላይ ስንደርስ ማጠሩ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የሚሸጠው ቃሉ ነው። «ቮይስ» ድምፅ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛ የሚችል ሁሉ ሰምቶ ይጽፈዋል። የልጁን ስም ግን እኔ፣ ባለቤቴና ልጁ ራሱ ሦስት ዓይነት አድርገን አነበብነው።

«ታዲያ የሚሸጥ ስም እንዴት ያለ ነው?» አለ አጎቴ።

ከደጃፋችን ጀመርኩ። «ሐይቅ» በእንግሊዝኛ በአራት ፊደል ይጻፋል። ለእኛ የከተማችን፣ የውኃችንና የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ስም ነው። በዚያው አጻጻፍ ግን «ሃይክ» አርመኖች በአፈ ታሪካቸው የዘራችን አባት የሚሉት ሰው ስም ነው፤ ዛሬም ብዙ አርመናውያን ወንዶች ይጠሩበታል። እንግዲህ ይህን ስም የሚፈልግ ሰው ከሐይቅ ዳር ይልቅ የሬቫንና ሎስ አንጀለስ ይበዛል። ስም ስትመዝኑ መጀመሪያ የምትቆጥሩት ፊደሉን ሳይሆን ገዢውን ነው።

ቀጥለን «አምባሰል»ን አየን። ተራራው አለ፣ ወረዳው አለ፣ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱም አምባሰል ነው። ስሙን ሲሰማ ልቡ የማይነካ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛ አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት «ኤስ» ይጽፈዋል። ሊገዛው የሚችለውም ምናልባት አንድ ሆቴል ወይም አንድ ሙዚቃ ቤት ነው። የሚወደድ ስም ሁሉ ገዢ አያገኝም።

አጎቴ ሳቀና «ውጫሌም እኮ እዚሁ አምባሰል ነው» አለ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ሆኖ ወደ ዓድዋ እንዳደረሰን ለወሎ ሰው አይነገረውም። በሁለት ቋንቋ መካከል የሚዋልል ቃል ጣጣ እንዳለው ከእኔ በፊት ገብቶታል።

ወደ ዋጋው መጣን። ያ 9,000 ዶላር የኮምፒውተር ስሌት ነው፤ በዚያ ዋጋ ልግዛ ያለ ሰው የለም። «ደላላ በሬዎ ይህን ያህል ያወጣል ቢልዎ አምነው ያድራሉ?» አልኩት አጎቴን። «ብሩን ሳልቆጥር?» አለኝ። ስለዚህ የተጠየቀበትን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ፈልጉ። እንደ ኔምባዮ ያሉ ገጾች ያለፉ ሽያጮችን ይመዘግባሉ። የልጁን የሚመስሉ ትርጉም የለሽ ስሞች ፈልገን ያገኘነው ዋጋ በመቶ ዶላር ቤት ነበር።

ደግሞም ገዢ ቶሎ አይመጣም። ነጋዴዎቹ ራሳቸው ከ100 ስም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ከተሸጠ ጥሩ ነው ይላሉ። የ100 ስም የዓመት ክፍያ ደግሞ 1,000 ዶላር ያህል ነው። «በሬ እንኳ ገዢ ቢያጣ ያርሳል፤ ይሄ ግን ቆሞ ይበላል» አለ አጎቴ። ልጁ «የታወቀ ባንክ ስም ባስመዘግብስ?» ሲል ጠየቀ። እሱ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ የክርክር ሥርዓት የንግድ ምልክቱ ባለቤት ስሙን ሳይገዛ ሊወስደው ይችላል።

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው?» አለኝ በመጨረሻ።

ማለፍ እችል ነበር። ቤተሰቡ ተምራ ሰው ሆነች የሚለኝ እኔን ነው፤ አፈርኩ። ግን ሁለት ሰንጋ ሊሄድ ነው። ነገርኳቸው። ከአራት ዓመት በፊት 12 ስሞች ገዛሁ። ገንዘቡን ያነሣሁት ለልጃችን የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ካስቀመጥነው ላይ ነበር፤ ውጭ ያለችው እህቴ በካርዷ ከፈለችልኝ። ለአንዱ ብቻ፣ ለጆሮዬ ስላማረኝ፣ 400 ዶላር አወጣሁ። ሁለት ዓመት አሳደስኳቸው። አንድም ጠያቂ አልመጣም። በሦስተኛው ዓመት ተውኳቸው፤ የመመዝገቢያውን ጉድለት እቁብ ገብቼ ሞላሁት።

ቤቱ ጸጥ አለ። አጎቴ ስልኩን ለልጁ መለሰለትና «ጥርሱ ታየ» አለ።

ስሙ አልተገዛም። ገንዘቡ ለወይፈን ሆነ። ልጁ ግን ሙያውን አልተወም። ሐይቁ ዳር ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ሊሠራ ተስማማ፤ ለስሙም በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚመዘገበውን የእኛኑ ዶት ኢቲ መረጡ። ያ ስም መልሶ አይሸጥ ይሆናል፤ እንግዳ ግን ይጠራበታል።

ስንመለስ ደሴን አልፈን የኮምቦልቻን ቁልቁለት እስክንጀምር ባለቤቴ አልተናገረም። ከዚያ «ስንት ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ጥቂት ቆይቶ «ለካ እቁቡ ለዚህ ነበር» አለ። ሳይጠይቀኝ ዓመታት የቆየበት ጥያቄ ነበረው ማለት ነው።

ስም ለመግዛት ስታስቡ ሊገዟችሁ የሚችሉ ሦስት ድርጅቶችን ጥሩ። ካቃታችሁ ተዉት። ሦስቱን ካገኛችሁም፣ ከመክፈላችሁ በፊት ቤት ውስጥ ተነጋገሩበት።