ጉና ጓደኛን ይለያል!

ጓደኛ የሚለየው በገንዘብ ነው የሚሉ አሉ። ገንዘብ ለሌለን ወጣቶች ግን ሌላ መላ አለ፤ ጉና ተራራ ላይ አብሮ መውጣት!

እንዴት መሰላችሁ? በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አምስት የአዲስ አበባ ልጆች ኮንትራት መኪና ይዘን ገና ሳይነጋ ከባህር ዳር ተነሳን። ወረታ ላይ የጎንደሩን መንገድ ትተን ወደ ቀኝ ታጠፍን። ይሄኛው አገሬው «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ ወልድያ ድረስ የሚዘልቀው ነው። የፎገራን የሩዝ ማሳ አልፈን አውራ አምባ ጎራ አልን። እዚያ ወንዱ ይፈትላል፣ ሴቷ ትሸምናለች። ሁለቱ ሴቶች ጓደኞቻችን ይሄን አይተው እኛን ወንዶቹን እንዴት እንደሳቁብን አትጠይቁኝ!

ደብረ ታቦር ቁርሳችንን በልተን ጋፋትን አየን። አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ በመጡ ሚስዮናውያን ባለሙያዎች መድፍ ያስሠሩበት ቦታ ነው። ቅጂውን ቴዎድሮስ አደባባይ የምናውቀው ሴባስቶፖል፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚገመተው ብረት፣ የተሠራው እዚህ ነው። በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። ቀልደኛው ጓደኛችን ይህን ሰምቶ «እኔንስ ማን ይጎትተኛል?» አለ። አፉ ሟርተኛ ነው መሰለኝ!

ከጋሳይ በኋላ መኪናዋን አቁመን በእግር ተያያዝነው። ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። የገብስና የድንቹ ማሳ አለቀና አስታው፣ ጓሳው፣ ከዚያ ደግሞ ሰው መስሎ ቀጥ ብሎ የቆመው ጅብራ መጣ። ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ የሚነሱት ከዚሁ ተራራ ነው።

ጫፉ ጥቂት ሲቀረው ቀልደኛው ዝም አለ። ራሱን ይፈልጠው፣ ያቅለሸልሸው ጀመር፤ ትንፋሹም አልመለስ አለ። ሁለቱ «እሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይበል፣ እኛ ደርሰን እንመለስ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን?» አሉ። አንዷ ግን ክንዱን ያዝ አድርጋ «አብረን መጣን፣ አብረን እንወርዳለን» አለች። ክርክሩ ከረረ። መንገድ የሚመራን የአገሩ ሰው «ተራራው የትም አይሄድም፣ ልጁን አውርዱት» ብሎ ገላገለን።

ጋሳይ ወርደን ሻይና ቅቅል ድንች ሲቀርብ ቀልዱ ተመለሰለት። ኩርፊያው ግን ባህር ዳር ድረስ አብሮን ተሳፈረ። ክንዱን የያዘችው ልጅስ? እስከ ዛሬ አልለቀቀችውም፤ ልጅ ወልደዋል!

እናም ወዳጆቼ፣ ባህር ዳር 1 ሺህ 800 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ተነስቶ በአንድ ቀን 4 ሺህ መድረስ ቀልድ አይደለም። ደብረ ታቦር እደሩ፤ ውኃ ጠጡ፤ ጋቢ አትርሱ፤ እርምጃችሁንም በደካማው ልክ አድርጉ። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ከመጣ መድኃኒቱ ቶሎ መውረድ ነው። ከሁሉም በላይ ገና መኪና ሳትሳፈሩ «አንዳችን ቢደክም ምን እናደርጋለን?» ተባባሉ። ያኔ የሚሰጠው መልስ የጓደኛችሁን ልክ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ክልሉ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት ውስጥ ከገባ ወዲህ የዚህ መንገድ ነገር እንደ ድሮው አይደለም። የአገሩን ሰው ሳትጠይቁ እንዳትነሱ። ጉና እንደሆነ ይጠብቃችኋል።