የጠርሙሱ አንገት

ጥር 14 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ወንድሜ ትናንት ማታ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ለገና መጥቶ ጥምቀትን አብሮን ውሎ ነው የሄደው። ትቶልን ከሄደው ሁሉ ዓይኔ የሚያርፈው ኩሽና ውስጥ መደርደሪያው ላይ ባስቀመጥነው፣ ኬሜክስ በሚባለው የቡና ማጥለያ ላይ ነው። ወገቡ ቀጭን፣ ሆዱና አፉ ሰፊ የሆነ የብርጭቆ ዕቃ ነው፤ አንገቱን ሁለት ግማሽ እንጨት አቅፎት በቆዳ ማሰሪያ ተጠፍሯል። እማዬ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ አይታ «ይሄማ ብርሌ ነው» አለች። ሆዱ ላይ እንብርት የምታህል እብጠት አለች፤ ቡናው እዚያ ሲደርስ ጠርሙሱ ግማሽ ሞላ ማለት ነው።

ያመጣው ለእሷ ብሎ ነው። ሐኪሟ ኮሌስትሮልሽ ከፍ ብሏል ካላት ወዲህ ስለ ቡናዋ ሲጨነቅ ከርሟል። ተፈልቶ ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና ዘይቱ ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ነገር አለበት፤ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ኬሜክስ ቡናውን በወረቀት ያጣራል፤ ወረቀት አብዛኛውን ይይዘዋል፤ የኬሜክስ ወረቀት ደግሞ ከተለመደው የቡና ማጣሪያ ወረቀት ወፈር ይላል። የዘወትሩ ቡና በዚህ፣ ጀበናው ለእሁድና ለእንግዳ ተባብለን ተስማማን።

ዕቃውን የፈጠረው ፒተር ሽሉምቦም የሚባል ጀርመን ተወልዶ አሜሪካ የኖረ ኬሚስት ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1941። የቤተ ሙከራውን ጠርሙስና ማጥለያ አንድ ላይ አድርጎ ቡና ማፍያ አወጣው። ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ከስብስቡ ውስጥ አስገብቶታል። ሲያዩት ያምራል፤ እኔን ግን የሚያሳስበኝ የመጣበት ቤት ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የትናንት ነገር ዛሬ ዕቃው ውስጥ ከተገኘ ሥራው ተበላሸ።

ጥር 18፣ እሁድ

የጀበና ቀን። እማዬ ቡናውን ቆላች፣ ወቀጠች፣ ጀበናውን ጣደች፤ እስከ በረካ ጠጣን። ስትጨርስ ጀበናውን በውሃ አለቅልቃ፣ አተላውን ደፍታ፣ ማቶቱ ላይ አስቀመጠችው። ሳሙና የሚባል ነገር አይነካውም። ሸክላ ይጠጣል፤ ሳሙና ካገኘም ሳሙናውን ይጠጣል። ይህን ጀበና በገዛችው ጊዜ ቡና እያፈላች እየደፋች ስታሟሸው አስታውሳለሁ፤ የሸክላው ጣዕም እስኪለቅና የቡናው እስኪገባበት ድረስ አንድም ስኒ አልቀዳችልንም። ዛሬ ባዶውን ቢያሸቱት ቡና ነው።

ስለዚህ ኬሜክሱንም እንደዚያው አለቅልቃ ደፋችው። እኔም አየሁና ዝም አልኩ።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ውሃ ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ። የፈረቃው ቀን አልፎም አልመጣም። በርሜሉ ውስጥ ያለውን ለምግብና ለመጠጥ ቆጠብን። ሐሙስ ጠዋት ያፈላሁበት ኬሜክስ ግን እንዳለ ቀርቷል፤ ወረቀቱን እንኳ አላወጣሁም፤ ከሥሩም ሁለት ጣት የሚሆን ቡና ነበረበት።

ዛሬ ሳየው ቡናው ቀንሶ፣ የነበረበት ቦታ ላይ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። ማስወጫው ቦይ፣ ቡናው የሚቀዳበት ቀጭን መስመር፣ ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል። ወረቀቱን ሳነሳ የሻጋታ ሽታ አፍንጫዬን መታው። በአንድ ኩባያ ውሃ የቻልኩትን አለቀለቅሁ። በጣም አዘንኩ፤ ወንድሜ ሻንጣው ውስጥ በሹራብ ጠቅልሎ፣ በእጁ ይዞ ያመጣው ዕቃ ነው።

የካቲት 3፣ ሰኞ

«ይሄ ቡና የከረመ ዘይት ይሸተኛል» አለች እማዬ ዛሬ ጠዋት። ስኒውን አልጨረሰችውም።

እኔ ፍሬውን ጠረጠርኩ። የይርጋጨፌ የታጠበ ቡና ነው፤ የሥራ ባልደረባዬ ከዚያ ያመጣልኝ። እንደገና ቆላሁ፣ ለስለስ አድርጌ። አሁንም ያው። ያንኑ ፍሬ በኩባያ አፍልቼ በወንፊት ስጠልለው ግን ሽታው የለም። ጥፋቱ የቡናው አልነበረም።

ይህ ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። በአንድ ወቅት ለሥራ ጌዴኦ ሄጄ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አይቻለሁ። ቀይ እሸቱ ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ፍሬው ላይ ያለው ዝልግልግ እስኪለቅ አንድ ቀን ተኩልም፣ ሁለትም፣ ሦስት ቀንም ይቆያል። ከዚያ በሲሚንቶ ቦይ ውስጥ ይለቀቅና ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው በእንጨት መግፊያ ከወራጁ ጋር እየታገሉ ይገፉታል፣ ይመልሱታል። አንዷ ሴት ከገንዳው ጥቂት ፍሬ አንስታ መዳፏ ውስጥ አሸችና ጆሮዬ ላይ አስጠጋችው። የጠጠር ድምፅ ካለው ታጥቧል አለችኝ፤ ካንሸራተተ ገና ነው። ከዚያም ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ይለቅሙታል። ያ ሁሉ እጅ ያጠበውን ቡና እኔ መጨረሻ ላይ ባልታጠበ ጠርሙስ ውስጥ አበላሸሁት።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ውሃ መጣ። ከሥራ እንደገባሁ ኬሜክሱን መስኮቱ ላይ ወስጄ በብርሃን አየሁት። ፊት ለፊት ሲያዩት ንጹሕ ነው። ጠመም አድርጌ ሳየው ግን ከወገቡ በታች እንደ ጭጋግ ያለ ነገር አለ፤ ጣቴን ከአፉ በኩል አስገብቼ አንገቱን ብነካው ያንሸራትታል። ጣቢያው ላይ ያየኋት ሴት ትዝ አለችኝ።

የአረቢካ ፍሬ ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ዘይት ነው። ወረቀቱ አብዛኛውን ቢይዝም የሚያልፍ አለ፤ ያም ከቡናው ቀለም ጋር ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል፣ ሲከርም ይሸታል። በላዩ ላይ ደግሞ የውሃችን ነጭ ቅርፊት አለ። የሰፈራችን ውሃ ከጉድጓድ ነው፤ የማንቆርቆሪያችንን ሥር ያየ ያውቀዋል።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ነበር። ቤኪንግ ሶዳ ጨምሬ አቼቶ አፈሰስኩበት፤ አረፋው ሲገነፍል የሚያጸዳ መሰለኝ። አረፋው ሲበርድ ጭጋጉ እዚያው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያከሽፈዋል፤ የተረፈኝ ጨዋማ ውሃ ነው። ለየብቻ መሆን አለባቸው፤ ዘይቱ ለሶዳና ለሳሙና፣ ነጩ ቅርፊት ለአቼቶ ወይም ለሎሚ። ቅድሚያውም የዘይቱ ነው፤ ቅርፊቱ በዘይት ተሸፍኖ ሳለ አቼቶው አይደርስበትም።

ከዚያ በሥርዓት ጀመርኩ። እንጨቱን ፈትቼ አወጣሁ። ለብ ያለ ውሃ፣ ሁለት ማንኪያ ሶዳ፣ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሬ ግማሽ ሰዓት አቆየሁት። እጄ አንገቱ ውስጥ አያልፍም፤ በጡጦ ብሩሽ ሆዱን ፈተግሁ። ብሩሹ ከወገቡ በታች ያለውን ጥግ አልያዘልኝም። እማዬ መጥታ ቆመች።

«ድሮ ጠርሙስ በአሸዋ ነበር የምናጥበው፤ አሸዋና ውሃ ከተሽ መነቅነቅ ነው።»

«አሸዋ ይጭረዋል እማዬ። የተጫረ ብርጭቆ አንድ ቀን ከጭረቱ ይሰነጠቃል።»

ትንሽ አሰበችና ከማጀት አንድ እፍኝ ሩዝ ይዛ መጣች። ጥሬ ሩዝ፣ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ፤ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ይዛ ቅቤ እንደምትንጥ ወዲህና ወዲያ አዞረችው። ሩዙ ጥጉን ሁሉ ዳበሰው። ስትደፋው ነጩ ሩዝ የሻይ ቀለም ይዟል። ማስወጫውን ቦይ በጥጥ በተጠቀለለ ቀጭን እንጨት ጠረግሁ፤ ከሁሉ የከፋው እዚያ ነበር፣ ጥጡ ጠቁሮ ወጣ። በመጨረሻ አንድ እጅ አቼቶ ለሁለት እጅ ውሃ፣ አንድ ሰዓት። ሽታው እስኪጠፋ አምስት ጊዜ አለቀለቅሁት። ሳሙናው ሎሚ ሎሚ የሚል ነበር፤ ሽታ የሌለው መግዛት አለብኝ።

አንገቱን በጣቴ አሸሁት። ሲጥ አለ።

የካቲት 9፣ እሁድ

እንጨቱ። ሳያወልቁ ማጠብ ልማድ ከሆነ ውሃው በእንጨቱና በብርጭቆው መሃል ይቀራል፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ቆዳውም ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፈትቼ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ አልዘፈዝፈውም፣ ፀሐይም ላይ አላሰጣውም። የምግብ ዘይት ከቀባሁት ከርሞ ይሸታል፤ ለመክተፊያ እንጨት የሚሸጠውን ሽታ የሌለውን ዘይት በጨርቅ ቀባሁት። ቆዳውን መልሼ ሳስር አጥብቄ አልጠፈርኩትም፤ እንጨቱ አንገቱን ይያዝ እንጂ አይነቀው።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ዛሬ ለጥቂት ነው የተረፈው። እማዬ ቡናው እንዳይበርድ ብላ ኬሜክሱን አንስታ ወደ ከሰል ማንደጃው ስትሄድ ደረስኩባት። ጀበና እዚያ ነው የሚውለው፤ ምን ታድርግ። ብርጭቆው ቦሮሲሊኬት ነው፤ በሙቀት የሚለጠጠው ከተራው ብርጭቆ ሲሶ ያህል ነው፣ ለዚህም ነው የፈላ ውሃ የሚችለው። ግን ጠርሙሱ በአንድ በኩል ፍም፣ በሌላ በኩል አየር ሲሆንበት አይችልም። ቡናው ገብቶበት የሞቀውን ቀዝቃዛ ቧንቧ ሥር ማስገባትም ያው ነው።

ነገርኳት። አንገቱን ይዛ በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ፣ በታጠፈ ፎጣ ላይ መለሰችው።

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» አለች ለራሷ።

እኔ የምፈራው ቧንቧውን ነው። ጠርሙሱን ሲያለቀልቁ ከንፈሩ ብረቱን ከነካ አበቃ። ዛሬ አሮጌ ካልሲ ቆርጬ የቧንቧው አፍ ላይ አሰርኩበት።

የካቲት 23፣ እሁድ

ዓድዋ ከእሁድ ጋር ገጥሟል። ጾም ከገባ ሳምንት ሆነው። ሰፈሩ ከጠዋት ጀምሮ በፉከራና በሽለላ ቀልጧል፤ ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ፣ ስለዚህ ጀበናው ተጥዷል፣ ፈንዲሻው ተፈንድቷል።

ኬሜክሱ ግን ጠዋት ተፈልቶበታል። ወረቀት 31 ቀርቶናል፤ እዚህ እንደልብ ስለማይገኝ ወንድሜ በሚመጣ ሰው ይልካል። አሁን ውሃ ቢኖርም ባይኖርም የምናደርገው አንድ ነው፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የተረፈችውን ትኩስ ውሃ አንጥላትም። የመጨረሻው ስኒ እንደተቀዳ፣ ጠርሙሱ ገና ሞቆ ሳለ፣ ወረቀቱን አውጥተን በዚያችው ውሃ ሁለት ጊዜ እናንቀረቅበዋለን። ግማሽ ስኒ ውሃ ትበቃለች፤ ቡናው ሳይደርቅ ነው የሚለቀው። አተላው ለጽጌረዳው። ሳሙናው ማታ፣ ሩዙ ቅዳሜ፣ አቼቶው በወር አንዴ።

እማዬ ዛሬ ጠዋት ስኒዋን ጨርሳ ጠርሙሱን አንስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። አዘነበለችው፣ በአንድ ዓይኗ ወደ ውስጥ አየች፣ አፍንጫዋን አፉ ላይ አድርጋ ሳበች።

«ምንም የለበትም» አለች።

ደፍታ ፎጣው ላይ አስቀመጠችውና የቡናውን ረከቦት ልታቀርብ ሄደች።