ተራው ያልደረሰው ኳስ ወርዋሪ

ባለፈው ሳምንት አንድ እጩ መምህር ቢሮዬ ገብቶ «መምህር፣ 17 ዓመት ሙሉ ገጠር ሲያስተምሩ አንዴ እንኳ አልከፋዎትም?» ሲል ጠየቀኝ። «ኧረ ለምጄው ነው» ብዬ ሸኘሁት። ውሸቴን ነው። እውነተኛውን መልስ በዚህ ግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ልጻፈው። ነገሩ ከሕንድ አገር ስለሚጀምር ግን ትንሽ ታገሡኝ።

በ1977 ዓ.ም. የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ። ከአገራቸው ያመጧት አንዲት የክሪኬት ኳስ ነበረቻቸው፤ ቀይ ቆዳ የለበሰች፣ ወገቧ ላይ በክር የተሰፋች፣ ከድንጋይ የማትሻል። ጠመኔውን አስቀምጠው በጣታቸው እንደ እንዝርት አሹረው ሲለቋት፣ ሲሚንቶው ላይ ነጥራ ቀጥ ብላ በመሄድ ፈንታ ወደ ጎን እጥፍ ትላለች። አቤት ስንስቅ! ከእግር ኳስ ሌላ የት እናውቅና።

በክሪኬት ወርዋሪው ክንዱን ዘርግቶ ይወረውራል፣ መቺው በእንጨት ይመክታል። ኳሷ ከመቺው ኋላ የቆሙትን ሦስት እንጨቶች ከመታች፣ ወይም እሱ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች፣ መቺው ይወጣል። ፈጣኑ ወርዋሪ በጉልበት ያስፈራራል፤ ዝግ ብሎ የሚያሾረው ደሞ ያታልላል።

መምህራችን የሚወዱት ራጂንደር ጎዬል የሚባለውን ግራኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ናርዋና ከተማ ተወለደ። በ16 ዓመቱ ጀምሮ እስከ 1985 ድረስ ለደቡብ ፑንጃብ፣ ለዴልሂ፣ በመጨረሻም ለሐርያና ተጫወተ። በ157 ግጥሚያዎች 750 መቺ አስወጥቷል። ከዚህ ውስጥ 637ቱ ክፍላተ ሀገራቱ በሚወዳደሩበት በራንጂ ዋንጫ ሲሆን፣ ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ የበለጠው የለም። ለብሔራዊ ቡድን ግን በይፋዊ የቴስት ግጥሚያ አንድም ቀን አልተሰለፈም!

ምክንያቱ ቢሻን ሲንግ ቤዲ ነው። እሱም ግራኝ፣ እሱም አሿሪ፤ በ67 ቴስት 266 ሰው ያስወጣ። ለሁለት ተመሳሳይ ሰው ቦታ አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ በሩ ገርበብ አለ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ምዕራብ ኢንዲስ ባንጋሎር ላይ ሊጫወት ሲመጣ ቤዲ በዲሲፕሊን ምክንያት ታገደ። ጎዬል ተጠራ፣ ሄደ። 11ዱ ሲሰየሙ ግን ስሙ የለም። ተመልካች ሆኖ ቀረ፤ ሕንድም በ267 ነጥብ ተሸነፈች። መምህራችን ይህን ሲተርኩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። እኛ ምን ገዶን፣ ቶሎ ረሳነው።

በ1994 ዓ.ም. ለዲግሪ ትምህርት ተጠባባቂ ሆኜ ተመዘገብኩ። ከተመረጡት አንዱ ስለቀረ «ና» ተባልኩ። ባለቤቴ ሸሚዜን ተኩሳ፣ ድፎ ዳቦ ጋግራ ሸኘችኝ። ግማሽ ቀን በእግር፣ ግማሽ ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ ስደርስ ሰሌዳው ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጥፏል። ለምን ብዬ ብጠይቅ «ሌላ ጊዜ ይደርስሃል» አሉኝ። ዳቦውን አውቶቡስ ውስጥ ለማላውቃቸው ሰዎች አደልኩት። ቤት ይዤው ልመለስ እንዴት ብዬ?

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል በደንብ አላስተማርኩም። እገባለሁ፣ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እወጣለሁ። ልጆቹ ምን በደሉ? ዛሬም ያሳፍረኛል። አንድ ቀን ክፍልፋይ ሳስተምር አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ታመው ነው?» ስትለኝ ያ ግራኝ ትዝ አለኝ። ከባንጋሎር ተመልሶ አሥር ዓመት ወርውሯል እኮ! አርባ ዓመት ካለፈው በኋላም። ሲጠየቅም ቤዲ ከእኔ ይበልጣል ይል እንደነበር ኋላ አነበብኩ። ሰዎች ይህን ትዕግሥቱን ሲያወድሱ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ያን ዕለት ሊያሰልፉት ይገባ ነበር ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ እሱ ቴስት ሳይጫወት ከቀረው ከቦምቤው ፓድማካር ሺቫልካር ጋር የሕይወት ዘመን ሽልማት ሰጡት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በ77 ዓመቱ አረፈ።

ለልጅቷ «አልታመምኩም» አልኳትና ክፍልፋዩን ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።

መምህራችን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኳሷን ለእኔ ትተውልኛል። ስፌቷ ተበልቷል፣ ቀይነቷም ጠፍቷል፤ ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ናት። ያ እጩ መምህር ይህን ካነበበ በእረፍት ሰዓት ብቅ ይበል። ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ አሁንም ትታጠፋለች።